ጨው የገባበት ጉድጓድ

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? አባባ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ሆዴን ግን ጸጸት እየበላኝ ነው የምጽፍልሽ።

የአባባ ጉድጓድ ውሃ ጨው ጨው ማለቱን፣ እንግዳሽም ሻዩን ቀምሶ ስኳርና ጨው መለየት አቃተሽ ወይ ማለቱን በስልክ ስትነግሪኝ አብረን ሳቅን። አንቺ በእንግዳው ነበር የሳቅሽው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው። ምን ያህል እንዳፈርኩበት በምን ቃል ልንገርሽ።

ሥራህ ምንድን ነው ስትዪኝ ሁልጊዜ እሸሽሻለሁ። ይኸውልሽ፣ ከመሬት በታች ባለው አሸዋ ውስጥ ጨዋማው ውሃ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ ንጹሑ ከላይ። ካልነኩት በመካከላቸው ያለው ድንበር ቢጎብጥ እንኳ ቀስ ብሎ ይስተካከላል፤ በሒሳብ ያረጋገጥኩት ይህን ነው። ከላይ በሞተር በኃይል ከሳቡት ግን ጨዋማው ከጉድጓዱ ሥር እያበጠ ይወጣል። አወጣጡን አስልቼው ነበር፤ በእውነተኛ ጉድጓድ ግን አይቼው አላውቅም።

በየጠዋቱ ቅመሺው፣ ጥልቀቱን በገመድ ለኪው እያልኩ ያደከምኩሽ ለዚህ ነው። አባባ ውሃውን ያበላሸው የመሳቢያውን ሞተር የገጠመው ሰው ነው እያሉ፣ «ልጄ የተማረው ውሃ ነው፣ እሱ ይናገር» ብለው ቃሌን እንደሚጠብቁ ነግረሽኛል። እኔ ሞተሩን አጥፉት አላልኩም። የምትልኪልኝ ልኬት ስሌቴን እየተከተለ ስለነበር፣ ትንሽ ይቆይ ብዬ አፌን ዘጋሁ። ከጉድጓዱ የሚጠጡት የብርቱካን ዛፎች ቅጠላቸው ከጫፉ ይቃጠል ጀመር ስትዪኝም እሱኑ መዘገብኩ።

ትናንት ውጤቱን ለመምህሬ አሳየሁት። ደስ ብሎት እጄን ጨበጠና «የማን ጉድጓድ ነው?» አለኝ። የአባቴ ነው አልኩት። «ታዲያ አሁንም እየሳቡ ነው?» ሲለኝ አዎ አልኩት። እጄን ለቀቀው።

እትዬ፣ ሞተሩን የገጠመው ሰው ምንም አላጠፋም፤ ለአባባ ይህን ንገሪያቸው፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑንም አትደብቂያቸው። ድንበሩ ይመለሳል፣ ሒሳቡ በዚህ አይዋሽም። የሚመለሰው ግን በራሱ ጊዜ ነው፤ ከዛፎቹ ስንቶቹ እስከዚያ እንደሚቆዩ አላውቅም።

ለባልሽ፣ ለልጆቹ፣ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። መጀመሪያ ግን ሞተሩን አጥፊው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከተከራየኋት ክፍል፣ ጥቅምት ፱