ብሎኑ ይጠብቃል

ለተከበሩት የሕፃናት ዕቃዎች ጥራት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ጥርስዎ ደህና ነው? ጥርስዎን ለይቼ የጠየቅሁት የጥርስ ሐኪም በመሆኔ ነው እንጂ ክፉ ሐሳብ ኖሮኝ አይደለም። ያም ሆኖ አንድ ቀን መንጋጋዎን ቢያምዎ ያለ ቀጠሮና ያለ ወረፋ፣ ካስፈለገም ያለ ማደንዘዣ፣ በእነዚህ በሁለት እጆቼ እንደማስተናግድዎ በታላቅ ትሕትና አረጋግጥልዎታለሁ።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ምስጋናዬ በፖስታ ታሽጎ መሳቢያዎ ውስጥ እንዳይቀር ብዬ ነው። መሥሪያ ቤትዎ «ተፈትሾ ያለፈ» የሚል ክብ ማኅተም የመታባትን «አብሮ አደግ» የተባለች ባለ ሦስት ጎማ የሕፃን ብስክሌት ለልጄ ገዝተን ነበር። ካርቶኗ ላይ እንደተጻፈው ይህች ዕቃ ከልጅ ጋር አብራ ታድጋለች፤ የሕፃኗ እግር ፔዳሉ ላይ እስኪደርስ ከኋላ በረጅም ዘንግ ትገፋለች፣ ልጅቷ ጠንከር ስትል ዘንጉ ይነቀልና ራሷ ትነዳታለች፣ ሲያሻም ፔዳሉ ወጥቶ በእግር መሬት እየተገፋች ትሮጣለች። ልጄ ሚጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ «ያለ ምንም መሣሪያ በቀላሉ ትገጠማለች» ስለተባለው ነው። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ብረት መፍታትና ማሰር ብርቁ አይደለም። ነገር ግን ካርቶኑን ከመክፈቱ የመቀመጫው ብረት ጠርዝ አውራ ጣቱን እስከ አጥንቱ ሸረከተው። ሊያግዘው የተቀመጠው ወንድሜ ደግሞ መግፊያውን ዘንግ ሊያስገባ ሲታገል ውስጡ ያለው ሞላ ተፈናጥሮ ወጣና አፍንጫውን አደማው። ገና ቆማ ያልሄደች ዕቃ ሁለት ጎልማሶችን ስታደማ ባየሁ ጊዜ፣ ይህች ብስክሌት ፍተሻውን ያለፈችው ፈታሾችዎን ደብድባ መሆን አለበት አልኩ።

ሁለተኛውና ዋናው ምስጋናዬ ማኅተምዎ ያረፈበትን የአገጣጠም መመሪያ ይመለከታል። በመመሪያው ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የፊት ጎማው ብሎን ሕፃኑ እስኪቀመጥ ድረስ ይጠብቃል።» ክቡር ሆይ፣ እስቲ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት። ባለቤቴ ቃሉን አላልቶ አነበበውና ብሎኑ ልጅቷ ሳትቀመጥ በፊት ጥብቅ ብሎ መታሰር አለበት አለ። ወንድሜ አጥብቆ አነበበውና ብሎኑ ታግሦ ይቆይ፣ የሚታሰረው ልጅቷ ተቀምጣ ክብደቷ ቦታውን ካስያዘው በኋላ ነው አለ። ወንድሜ ጠበቃ ነው፤ በእርሱ ሙያ የማይጠብቅ ነገር የለም። በመሥሪያ ቤትዎ ቋንቋ እንግዲህ ቃሉ ሲላላ ብሎኑ ይጠብቃል፣ ቃሉ ሲጠብቅ ብሎኑ ይላላል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ቅኔ ለሕፃን ብስክሌት ማዋልዎ ያስመሰግንዎታል።

ክርክሩ በሰዋስው ተጀመረ፣ በዘር ማንዘር በኩል አለፈ፣ በቡጢ ተጠቃለለ። ወንድሜ ባለቤቴን ከታፔላ በቀር ማንበብ የማትችል አለው፤ ባለቤቴም ጠበቃ ማለት ሬሳ እንኳ ቀጠሮ የሚያስጠብቅ ሰው ነው ብሎ መለሰለት። ወንድሜ መቀመጫውን አንስቶ ትከሻውን ሲለው ባለቤቴ መግፊያውን ዘንግ መዘዘና ቅንድቡን ተረተረው። ተናንቀው ሲወድቁ የቁም ሳጥኑ መስታወት ላያቸው ላይ ረገፈ፣ ምንጣፉ ደም በደም ሆነ፣ ባለቤቴ የወንድሜን ጉሮሮ ይዞ አልለቅም አለ። አማቴ ልጃቸውን በመገላገል ፈንታ ከሶፋው ሳይነሱ በየትኛው እጁ ቢመታ እንደሚሻል ይመክሩት ነበር። ሚጣ ግን ጨዋታ መስሏት ወገቤ ላይ ሆና ታጨበጭብ ነበር። እኔም በመጨረሻ ልብስ የታጠበበትን የሳሙና ውሃ ከነሳፋው ደፋሁባቸውና ተላቀቁ።

የወንድሜን ቅንድብ እዚያው የወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጬ ሰፋሁት፤ እያዘንኩለት አልነበረምና መርፌውን ቀስ ብዬ አላስገባሁም። ከዚያ ታረቁ። ክቡር ሆይ፣ የእኛ ሰው ሲጣላ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ታርቆ ይሉኝታ ሲይዘው ነው። ወንድሜ «አንተ እንዳልከው ይሁን» አለ። ባለቤቴ «የለም፣ አንተ እንዳልከው ይሁን» አለ። ተሳሳሙና ተለያዩ። ወንድሜ ባለቤቴ ብሎኑን እንዳሰረው አምኖ ሄደ። ባለቤቴ ደግሞ የወንድሜን ቃል ለማክበር ሲል ብሎኑን በጣቱ ብቻ ጠምዘዝ አድርጎ ተወው። በማግስቱ ወንድሜ ዕርቁን ሊያጸና መጣና ሚጣን አቅፎ ራሱ ብስክሌቷ ላይ አስቀመጣት። ባለቤቴም ካስቀመጣት አይቀር ብሎኑንም አስሮታል ብሎ አሰበ። ሲደባደቡ ሁለቱም የሚያስቡት ስለ ብሎኑ ነበር፤ ሲታረቁ ግን ያሰበበት አልነበረም።

ሦስተኛ፣ መንገዳችን። በራችን ላይ ያለው መንገድ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። አማቴ ዘንጉን ይዘው እየገፉ፣ ሚጣ እየሳቀች፣ እኔም ከኋላ እየተከተልኩ ጥቂት እንደሄድን የፊት ጎማው ብቻውን ቀድሞን ሄደ። ጎማውን ይዞት የነበረው ብረት አስፋልቱ ላይ ተተከለ፣ ብስክሌቷ ተገለበጠች፣ ልጄ በመሪው ላይ ተወርውራ በፊቷ ከእግረኛው መንገድ የድንጋይ ጠርዝ ጋር ተጋጨች። ድምፁን ሰማሁት። ጥርስ ሲሰበር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የፊት ጥርሶቿ የታች ከንፈሯን በስተው ወጡ፣ መንጋጋዋ ተሰበረ፣ አፏ የሚፈስሰውን ደም መያዝ አቃተው።

ወደ ክሊኒኬ ተሸክሜያት በረርኩ። ስንቱን ግዙፍ ሰው ትከሻውን በክንዴ ተጭኜ መንጋጋ የነቀልኩ ሴት፣ የልጄን ከንፈር የምሰፋበትን መርፌ መያዝ አቃተኝ። ባልደረባዬ ተቀብላኝ ሰፋችላት። መንጋጋዋ ታስሮ ስለነበር ሚጣ ማልቀስ አልቻለችም፤ በዓይኗ ብቻ ነው ያለቀሰችብኝ፣ እኔም ያን ዓይን እስካሁን ከፊቴ ማራቅ አልቻልኩም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚባለው ተረት ቤቴ ውስጥ ሊፈጸም ለጥቂት ነው የተረፈው። ልጄ ዛሬም ወተት በቱቦ ነው የምትጠጣው። ባለቤቴ አያናግረኝም፣ ለነገሩ እኔም አላናግረውም። ወንድሜ ደጃችን ድረስ ይመጣል፣ አንኳኩቶ ግን አያውቅም።

አራተኛ ልበል ወይስ አምስተኛ፣ እንግዲህ ቁጥሩም ጠፋኝ፤ ስለ መስተንግዶዎም አመሰግናለሁ። ጎማውንና ብሎኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየመደብሩ ያሉት አብሮ አደጎች የሌላ ሰው ልጅ ሳይቀመጥባቸው እንዲሰበሰቡ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲባል ነው። ጸሐፊዎ ከውስጥ ይዛልኝ የመጣችው መልስ «በመመሪያው ላይ የሰዋስው ስህተት አልተገኘም፤ አቤቱታዎ ይጠብቃል» የሚል ነበር። አላልቼ ላንብበው ወይስ አጥብቄ ብዬ ለአፍታ ግራ ተጋባሁ። ከጠዋት እስከ ቢሮ መዝጊያ በእንግዳ ወንበርዎ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን አነባበቡ ገባኝ።

ስለዚህ ከቢሮዎ ሥር ወዳለው መደብር ወረድኩ። መዶሻ ከዚያው ገዛሁ፣ ሂሳቡንም ከፈልኩ፤ ሌባ አይደለሁም። በመስኮቱ የተደረደሩትን አብሮ አደጎች አንድ በአንድ፣ መሪያቸውን፣ መቀመጫቸውን፣ ማኅተምዎ የተለጠፈበትን ግንባራቸውን ሳይቀር ቀጠቀጥኳቸው። መስታወቱም አብሮ ሄደ። አንዲት ነፍሰ ጡር ለልጇ ልትገዛ ካርቶኑን ታቅፋ ቆማ ነበርና ልነጥቃት ስል በክርኗ ደረቴን መታችኝ፣ ጸጉሬን ይዛም ግድግዳው ላይ አጣበቀችኝ። የሚጣን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ ሳሳያት ለቀቀችኝ። አየችውና ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጣ መዶሻውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ክቡር ሆይ፣ መሥሪያ ቤትዎ ያልሠራውን የቁጥጥር ሥራ ሁለት ሴቶች በአንድ መዶሻ ስለጨረሱልዎ ምስጋና አያስፈልገንም፤ ፖሊስ ጣቢያም በክብር ተቀብሎናል።

ማኅተምዎ ሳይደበዝዝ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ጥርስዎም እስከምንገናኝ ድረስ በየቦታው እንዲቆይልኝ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከተቀጠቀጠ ብረትና ከተሰበረ መስታወት መካከል ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የክቡርነትዎ የዘወትር አድናቂ፣
የሚጣ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ወደ መደብሩ ጎራ ብል ባለቤቱ ስብርባሪውን እየጠረገ ሲያለቅስ አንድ ነገር ነገረኝ። አንዷን አብሮ አደግ ለልጅ ልጅዎ ብለው በቅርቡ እርስዎ ራስዎ ወስደዋል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ በእርስዎ ላይ ደስ የሚል እርግማን ማውጣት አቅቶኛል። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ሽሙጥ ነው፤ ይህ ግን አይደለም። ደብዳቤውን ያስቀምጡና ቤትዎ ይደውሉ። ሕፃኗ ተቀምጣባት ከሆነ ያውርዷት።