ስለ ተወሰደብኝ ሜትርና ስለ ተሳታፊ ቁጥር 41 ክንድ

ለ፦ የውፍረትና ተዛማጅ በሽታዎች ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት
ከ፦ ልብስ ሰፊው፣ የተሳታፊ ቁጥር 41 ባለቤት
ቀን፦ ሐሙስ 14/6

ጉዳዩ፦ በጥበቃ ሠራተኛ የተያዘብኝ የልብስ መለኪያ ሜትር እንዲመለስልኝና ከመጪው ማክሰኞ በፊት የባለቤቴ ክንድ እንዲለካልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ባለፈው ማክሰኞ 12/6 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በማዕከልዎ የተሳታፊዎች መቆያ ክፍል ውስጥ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቀለሙ ቢጫ፣ ጫፉ በባለንብረቱ ጥርስ የተነካከሰ አንድ የልብስ መለኪያ ሜትር ከእጄ መወሰዱን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ሟቹ ለሃያ ሁለት ዓመታት አገልግሏል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ እንኳ ዋሽቶ አያውቅም። እኔ ዋሽቼ ይሆናል፤ እሱ ግን አልዋሸም።

ይህ በአንድ ወር ውስጥ ከሱቄ የጎደለ ሁለተኛ ንብረት ነው። የመጀመሪያው አንድ ካርቶን የመጋረጃ ብረት ነበር፤ ይኸውም መጋረጃ ነፋስ እንዳያንገላታው ከጠርዙ ውስጥ የምንሰፋው፣ አንዱ ሃምሳ ግራም የሚመዝን ድፍን ብረት ነው። በዚያኛው የጠረጠርኩት ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን ስለሆነ ከተኳረፍን ሁለት ሳምንት አልፎናል። ይህ ማዕከልዎን አይመለከትም። ያነሣሁት፣ ሰው በላይ በላዩ ሲጠፋበት ምን ያህል ሆደ ባሻ እንደሚሆን እንዲረዱልኝ ብቻ ነው።

1. ስለ ሜትሩ አያያዝ።

ባለቤቴ ለመመዘን ስትገባ እኔ ከሌሎች ተሳታፊዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማልችል የዳቦ ጋጋሪውንና የታክሲ ነጂውን ክንድ በፈቃዳቸው ለካሁ። ወደ ጡረተኛዋ መምህርት ዞር ስል የጥበቃ ሠራተኛው ከኋላዬ ቆሞ አገኘሁት።

«አባባ፣ እዚህ ቤት የሚለካው ማዕከሉ ብቻ ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ ለሱሪ እኮ ነው» ብዬ ብመልስለት፣ «ለሱሪ ክንድ ይለካል?» ብሎ በሰው ፊት አሳፈረኝ።

መምህርቷ «ተወው እንጂ፣ ወንድ ከለካኝ ስንት ዘመኔ ነው» ብለው ሊያማልዱኝ ሞክረው ነበር፤ አልሆነም። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ደረሰኝ ብጠይቀው «በምን ልጻፈው? በኪሎ?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ የዚህ ማመልከቻ ፍሬ ነገር ሁሉ ያለው በዚች ጥያቄ ውስጥ ነው። ወጣቱ እንዳይቀጣብኝ፤ ከማዕከልዎ ሠራተኞች ሁሉ ነገሩ የገባው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

2. ለምን እንደምለካ።

እዚህ ላይ የራሴን ወንጀል ማስቀደም አለብኝ። የልብስ ሰፊ ደንብ ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ መተው ነው። ሰው ይወፍራል፣ ሰው ይከሳል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይረዝምም። ባለቤቴ የሱቄን ልብስ ሁሉ በካውያ የምትተኩስ፣ የቤቴም የሱቄም ምሰሶ ናት። ታዲያ ቀሚስ በጠበባት ቁጥር እሷ ወጣ እስክትል እጠብቅና ስፌቱን ፈትቼ፣ ከትርፉ ግማሽ ጣት ለቅቄ፣ ከውጭ በማይታይ ስፌት መልሼ እሰፋው ነበር። እንዲህ ስል ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። እሷ መስተዋት ፊት ቆማ ታላቅ እህቷን «እዪ፣ ከተጋባን ጀምሮ ያለ ቀሚስ እስከ ዛሬ ልኬ ነው!» ትላታለች። እህቷ «አንቺማ ገላሽ የተባረከ ነው» ትላለች። እኔ መርፌዬን በከንፈሬ ይዤ ዝም። ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ትርፉ ጨርቅ ባለቀበት ዓመት ስኳሯ ተገኘ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «እስቲ አሳየኝ፣ እንዴት አድርገህ ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። እጇ ፈጣን ስለሆነ በአንድ ከሰዓት ለመደችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእሷ ተደብቄ አንድም ስፌት አልሰፋሁም።

3. ስለ ማዕከልዎ ውለታ።

የበሉበትን ወጪት ሰባሪ አይደለሁም። ባለቤቴ በምርምርዎ ስትመዘገብ 96 ኪሎ ነበረች፤ በአምስተኛው ወር 82.5 ገባች። 290 ይል የነበረው ስኳሯ 118 ሆነ። ታላቅ እህቷ በዚሁ በሽታ አንድ እግሯን አጥታለች፤ ስለዚህ ባለቤቴ ክብደት የሚቀንሰውን የማዕከሉን መርፌ የምትወስደው እንደ ጸሎት ነው። «እኔ በሁለት እግሬ ነው የምቀበረው» ትላለች። መድኃኒቱ ክፉ ነው የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም፤ አይወጣምም።

4. ስለ ክንዷ።

ነገር ግን የባለቤቴ የላይኛው ክንድ ስትመዘገብ 36 ሳንቲ ሜትር ነበር። በአምስተኛው ወር 30፣ ባለፈው ሰኞ 27። የጭኗን አልጽፍም፤ ነውር ስለሆነ ሳይሆን ስለሚያስፈራኝ ነው።

የሱቃችን ካውያ የድሮ ነው፤ ሰባት ኪሎ ይመዝናል። እሷ በግራ እጇ እያነሣች በቀኟ ጣቷን ቀስራ ትቆጣኝ ነበር። አሁን በሁለት እጇ ታነሣዋለች፤ ለመቆጫ የሚተርፍ እጅ የላትም። በዚህ ወር በ3ኛው ቀን አመለጣትና በአንድ ዳኛ ካፖርት ጀርባ ላይ ወደቀ። ዳኛው ይግባኝ የሌለው ባለ ሦስት ማዕዘን ፍርድ ይዘው ሄደዋል። ከእግሯ የራቀው በአንድ ስንዝር ነበር። ወደ ሱቃችን የሚያወጣው ደረጃ አሥራ አንድ ነው፤ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ጫማዬን ላስር ብላ ትቀመጣለች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም።

ነርሷን «የኔ እመቤት፣ ክንዷ እኮ ሟሟ» ብላት «አባባ፣ ቅጹ ላይ ክንድ የሚባል ቦታ የለም» አለችኝ። አየሁት፤ እውነቷን ነው። ኪሎ አለ፣ ስኳር አለ፣ ፊርማ አለ። ከራሷ በላይ «የወረደ ኪሎ ሁሉ ድል ነው» የሚል ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ፈገግ ያለው ሰውዬ የተሣለው ከአንገቱ በላይ ብቻ ነው። የቀረው የት እንደ ሄደ የሚናገር የለም።

ክቡር ሆይ፣ ሱፍም ኪሎ አለው፣ ገበርም ኪሎ አለው። ከኮትህ ላይ አንድ ኪሎ ወረደ ቢሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከሱፉ ነው ከገበሩ?» ብዬ ነው። ይህንኑ ለወጣቱ ሐኪም ባነሣለት፣ እግዜር ይስጠው፣ አልናቀኝም። «ልክ ነዎት፤ ሰው በፍጥነት ሲከሳ የሚጥለው ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻውንም ይበላል። ይህንን እያጠናነው ነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ የት እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ያ ጥናት አራተኛ ፎቅ ነው። የእርስዎ ባለቤት ያሉት ሁለተኛ ፎቅ ነው» አለኝ። በመካከሉ ሊፍት እንዳለ አይቻለሁ።

5. ስለ ሚዛኑና ስለ መጪው ማክሰኞ።

በመመዘኛው ክፍል በር ላይ የተለጠፈው ደንብ እንዲህ ይላል። በወር ከሦስት ኪሎ በላይ የቀነሰ፣ በሐኪም እስኪታይ መድኃኒቱ ይቆምለታል። ከአንድ ኪሎ በታች የቀነሰ፣ መጠኑ ይጨመርለታል። ባለቤቴ ማክሰኞ ስትመዘን 81.6 ሆነች፤ በወሩ የቀነሰችው 0.9 ነው ተባለ። ስለዚህ ከፊታችን ማክሰኞ 19/6 ጀምሮ መጠኑ ይጨመርላታል።

በዚሁ ወር ግን በእኔ ሜትር ወገቧ አምስት፣ ክንዷ ሦስት ሳንቲ ሜትር ጎድሏል። ይህ ሁሉ ሰው ዘጠኝ መቶ ግራም ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የማዕከሉ ሚዛን ዋሽቷል ብዬ በግልጽ እከሳለሁ።

ነርሷ ሚዛኑ ሰኞ ሰኞ እንደሚፈተሽ ነግራኛለች። ጥፋቱ የልብስ ነው እንዳይባል፣ ባለቤቴ ሁልጊዜ የምትመዘነው በአንድ ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ነርሷም በመቆያው ክፍል ሰው ሁሉ እየሰማ «እንደ 41 ሁኑ! ዛሬ በካፖርት፣ ነገ በሸሚዝ እየመጣችሁ አታደናግሩኝ» ብላ አመስግናታለች። በእርግጥም ጨዋ ቀሚስ ነው። ማክሰኞ ዕለት የኮሪደሩ ማራገቢያ የሴቱን ልብስ ሁሉ ሲያውለበልበው የእሷ ንቅንቅ አላለም። ስለሰፋት ላጥብብልሽ ብላት «ይቺን አትንካብኝ፣ የዕድሌ ናት» አለችኝ።

ለማዕከሉ ላመልክት ስላትም እጄን ያዘች። አያያዟ እንደ ሕፃን ነበር፤ ደነገጥኩ። «ያስወጡኛል። ከዚያ ስኳሩ ተመልሶ ይመጣል፣ ከዚያ እንደ እትዬ እግሬን። ዘጠኝ ዓመት በዝምታ ስትሰፋ ኖረህ ዛሬ አፍ አወጣህ?» አለችኝ። ይህን የምጽፈው ሳታውቅ ነው።

6. ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፦

ሀ. ማክሰኞ መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ባለቤቴ በሐኪም እንድትታይ፣ ክንዷና ጭኗም እንዲለካ፤ ሜትር ከሌለ ሁለተኛ ስላለኝ በውሰት አመጣለሁ፤

ለ. ከምርምሩ እንዳትባረር፣ ስኳሯም እንዳይመለስ፣ ነገር ግን የሚወርደው ኪሎ ከገበሩ ይሁን ከሱፉ የሚያይ ሰው ከአራተኛ ፎቅ እንዲወርድላት፤

ሐ. ሚዛኑ እንዲመረመር፤

መ. ሜትሬ እንዲመለስልኝ። ይህንን መጨረሻ ያደረግሁት በጉዳዩ ላይ አንደኛ ብዬ ጀምሬ በመካከሉ ስለቀለለብኝ ነው።

ዘጠኝ ዓመት እያየሁ ዝም አልኩ፤ ዋጋው ስኳር ሆነ። የዚህኛው ዝምታ ዋጋ ምን እንደሆነ ሜትሩ እየነገረኝ ነው፤ በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሳንቲ ሜትር። ከ27 ላይ በየወሩ ሦስት ሦስት እያሉ መቀነስ ደግሞ የሚያልቅ ሒሳብ ነው።

ከአክብሮትና ከአንድ ሜትር ተኩል ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊው

ማረሚያ
ዓርብ 15/6፣ ማመልከቻው ከታሸገ በኋላ ተከፍቶ የተጨመረ

በተራ ቁጥር 5 «የማዕከሉ ሚዛን ዋሽቷል» የተባለው ስሕተት ስለሆነ «የማዕከሉ ሚዛን የተሰጠውን በትክክል መዝኗል» ተብሎ ይነበብ። ጥያቄ «ሐ»ም ተሰርዟል።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ እህቷን ልትጠይቅ ስትወጣ፣ ሰማያዊውን ቀሚስ ላጥብብላት አነሣሁት። ከበደኝ። ጠርዙን ጣት በምታህል ቦታ ላይ ፈትቼ አየሁ፣ ቀሪውንም በእጄ ዳስሼ ቆጠርኩ፦ ሃምሳ የመጋረጃ ብረት ነው፤ ሁለት ኪሎ ተኩል። በኪሱ ውስጥ በአራት የታጠፈች፣ ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት ሚዛን የወጣች የሰኞ 11/6 ወረቀት አለች፤ 79.1 ትላለች። ስለሆነም በቅጹ ላይ 81.6 የሚለው 79.1፣ 0.9 የሚለውም 3.4 ተብሎ እንዲታረም። እንደ ደንባችሁ ለባለቤቴ መድኃኒቱ መቆም ነበረበት፤ ሊጨመርላት የተወሰነው ግን ከሦስት ኪሎ በታች ለመሆን ብላ ትርፉን ስላበዛችው ነው። ትርፍ መተው የተማረችው ከእኔ ነው። ካውያ ማንሣት ያቃታት ሴት ያንን ሁሉ ብረት ለብሳ የማዕከልዎን ደረጃ ወጥታለች፤ ሊፍቱን ለምን እንዳልያዘች አላውቅም፤ ምናልባት «ከበደኝ» ብሎ እንዳይጮህባት ፈርታ ይሆናል።

በፀጉር አስተካካዩ ላይ የሰነዘርኩት ጥርጣሬም ተነሥቷል። ሰላም ብዬዋለሁ፤ ምክንያቱን አልነገርኩትም።

ማክሰኞ ባለቤቴ የማዕከሉን ጋውን ለብሳ እንድትመዘን ይደረግ። አዲስ ደንብ ነው፣ ለሁሉም ተሳታፊ ነው ይባልላት። እኔ እንደጻፍኩ አይነገራት። ብረቱን አላወጣሁትም፤ የፈታሁትን ቦታ እንደ ነበረ መልሼዋለሁ፣ ከእሷ እጅ አይለይም።

በዚህም ምክንያት በተራ ቁጥር 2 «ከእሷ ተደብቄ አንድም ስፌት አልሰፋሁም» የሚለው «አንድ ሰፍቻለሁ» ተብሎ ይታረም።