የጥላው ዓምድ

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ልጅዎ አትክልት ሲኮተኩቱ እንደሚውሉ፣ እረፉ ቢባሉም እንደማይሰሙ በስልክ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። እኔም ደህና ነኝ። ይህን ግን ፊት ለፊት ለመናገር ስላልደፈርኩ ነው የምጽፍልዎ።

ያ ጥቁር ድንጋይ የሞላበት ሸንተረር ትዝ ይልዎታል? እርስዎ ዓለቱን እየሰረሰሩ ጣት የሚያክል ናሙና ያወጣሉ፤ እኔ ገና ትምህርቴን የጨረስኩ ተመራማሪ ነበርኩ። ቅልጥ ዓለት ሲቀዘቅዝ የዘመኑን ሰሜን አቅጣጫ እንደ ማግኔት በሆዱ ይዞ ይቀራል። ያንን ካነበብን መሬቱ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ወዴት እንደሄደና ምን ያህል እንደዞረ እናውቃለን። እርስዎ ታዲያ ኮምፓሱን ካነበቡ በኋላ ዘንግ አቁመው ጥላውን ይለካሉ፤ ሰዓቱን ከነደቂቃው ይመዘግባሉ፤ ከሁለቱ ትክክለኛው ሰሜን ይሰላል። ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ፣ ኮምፓስ እያለ ጥላ መለካት ምን ይፈይዳል ብዬ አጉረመረምኩ።

«ይሄ ድንጋይ ራሱ ማግኔት ነው፤ ኮምፓሱን ያታልለዋል» አሉኝ። «ፀሐይን ግን ማን ያታልላታል?»

ሰማሁ እንጂ ልብ አላልኩም። ቢሮ ስንመለስ ቁጥሮቹን ከደብተሮችዎ ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት እኔ ነኝ። የጥላውን ዓምድ ዘለልኩት። በስክሪኑ ላይ የናሙናዎቹን አቅጣጫ የሚያሳዩት ቀስቶች እንደተደፋ ጥራጥሬ ተበታተኑ። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ፣ ናሙናዎቹ ሲወጡ በወጉ ምልክት አልተደረገባቸውም አሉ። የሁሉም ዓይን እርስዎ ላይ አረፈ። ኮፍያዎን አንስተው ወጡ።

ጋሼ፣ ያኔ ጥፋቱ የእኔ ለመሆኑ እርግጠኛ አልነበርኩም። ግን ጠርጥሬ ነበር፤ ጥርጣሬዬን ዋጥኩት። በዓመቱ ጡረታ ሲወጡ አበባውን ያበረከትኩልዎም እኔው ነኝ።

ባለፈው ወር አዲስ ሶፍትዌር መጣልን። ለየናሙናው የጥላውን ማዕዘን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጠይቃል። ጥያቄውን ሳየው ፊቴ ጋለ። መዝገብ ቤት ወርጄ ዘጠኙን ደብተሮችዎን አወጣሁ። ዝናብ የመታው ገጽ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። መቶ አርባ ሦስቱን ናሙናዎች አስገብቼ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ ቀስቶቹ ተሰብስበው አንድ አቅጣጫ ያዙ። ካርታው ላይ ዘመኑን ወደ ኋላ ስመልሰው፣ ያ ሸንተረር ከነአካባቢው አሥራ አንድ ዲግሪ ቀስ ብሎ ዞረ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳላስበው እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ኃላፊያችን «እኔም ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩባቸው» አሉ። በጥናቱ ጽሑፍ ላይ ስምዎ ከሁላችንም እንዲቀድም ያሉትም እሳቸው ናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ለመልቀም አሥራ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌ ጣፋጭ ሆኗል።

ጥናቱን የሚያትመው መጽሔት የእያንዳንዱን ጸሐፊ ፊርማ ይፈልጋል። ወረቀቱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራሴ ይዤ እመጣለሁ። ፊርማዎን አይንፈጉኝ፤ ይቅርታውን ግን ሳይቸኩሉ ያስቡበት።

አክባሪዎ፣
ያቺ ቁጥር ጸሐፊዎ