ዓይኑን ይያዙት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬም ስተረጉም ዋልኩ። የሲስተርን እንግሊዝኛ ለሕመምተኛው በኦሮምኛ፣ የእሱን መልሼ ለእሷ። ሆስፒታሉ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ። ሥራውን ደህና ይዤው ነበር።

አዴ ጫልቱ ከአኖ የመጡ እናት ናቸው። እንቅርታቸው ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል። ሁለት ቀን ሙሉ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ዶክተሩ ሳያያቸው ያልፋል። ሲስተር አዘነችላቸው። ዶክተሩ ሲመጣ «ካች ሂዝ አይ» በያቸው አለችኝ። ቃል በቃል ነገርኳቸው፦ ዓይኑን ይያዙት።

እንዴት አድርጌ? አሉኝ። እኔም አላወቅኩ። ሲስተር ናት ያለችው አልኩ።

ዶክተሩ መጣ። ተነሡ። እጃቸውን ዘርግተው መነጽሩን ጨበጡት። ዘበኛው ጎትቶ አስወጣቸው። ካርዳቸው ላይ «አእምሮዋ የታወከ» ተብሎ ተጻፈ።

እኔ ያልኳቸውን ነው ያደረጉት ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10፣ 11 ሰዓት ተኩል

ጎረቤቴን አቶ ገመቹን ጠየቅኩ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። ለካ የሚያዝ ነገር የለም! እንዲያይሽ ማድረግ ነው አለኝ፤ ፊት ለፊቱ መቆም፣ ቀና ብሎ ማየት። የጉራጌው ሱቅ በር ላይ የተሰቀለው ቀይ ጃንጥላም በእንግሊዝኛ የመንገደኛን ዓይን ይይዛል ይባላል። «እኛስ ሰው ዓይን ውስጥ ገባ እንል የለ? ማን ገብቶ ያውቃል?» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሴትዮዋ ሳይታከሙ አገራቸው ገብተዋል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13፣ አኖ

በጭነት መኪና መጣሁ። አቧራ ብቻ ሆኛለሁ። ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁት። ስህተቱ የኔ እንደሆነ፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ኢንታለ ኮ፣» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እኔስ እውነትም ያበድኩ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ሳቁ። ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ፤ ደንግጬ ጀርባቸውን አሸሁ። እርጎ ሰጡኝ። ሰኞ እመጣለሁ ብለዋል። ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 15፣ 9 ሰዓት

መጡ። ዶክተሩና ሲስተር ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው፣ አዴ ጫልቱን ትክ ብሎ አያቸው። ካርዱ ላይ ያለውን ቃል በገዛ እጁ ሰረዘ። ሐሙስ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ለአንድ ሽማግሌ ንገሪያቸው ብላ ሌላ ነገር አለችኝ። አልገባኝም።

አልገባኝም አልኳት።