ቆመው ስላስያዙልን አልጋ

ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀና ማርያም

ለተከበሩ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣ የተጣላ አስታራቂ፣ የተጋባ መራቂ፣ ከነሐሴ ወዲህ ደግሞ የውጭ አገር አልጋ አስያዥ ለሆኑት ለጋሽ ወጋየሁ፤

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ከጤናዎ ሁሉ ጉልበትዎን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነሐሴ ላይ እኛ ሳሎን ውስጥ ለእህቴ ሲሉ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደቆሙ ስለማስታውስ ነው። እኔ የአቶ ራጉኤል ሁለተኛ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ናዝሬት ነኝ፤ በእድሩ ስብሰባ ወንበር ሳቀብል «ይቺ ልጅ ምላሷ ረዘመ» ያሉኝ። ይህን ደብዳቤ በእድራችን ዕቃ ቤት የብረት በር ላይ፣ ከድንኳን ኪራይ ማስታወቂያው ጎን የለጠፍሁት ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ ርዝመቱን እንዲለካው ብዬ ነው።

ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ ነገሩን ላስረዳ። እህቴ ሄርሜላ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ዱባይ ካለ አንድ ክሊኒክ ሥራ አግኝታ መስከረም ላይ ሄዳለች። ከመሄዷ በፊት፣ ቋሚ ቤት እስክታገኝ የምታርፍበትን የአንድ ወር ክፍል ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ስልኳ ላይ ተደፍታ ከረመች። ደብተር አውጥታ መስመር አሰመረች፦ ከክሊኒኩ በእግር ስንት ደቂቃ ነው፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ፣ ቀድመው ያረፉበት ሰዎች ምን ብለው ጻፉ፣ ሐሳብ ቢቀየር እስከ መቼ መሰረዝ ይቻላል። በመጨረሻ መስኮቷ የእጅ መሐረብ የምታክል፣ ግን ከክሊኒኩ ስምንት ደቂቃ ብቻ የምትርቅ አንዲት ክፍል ለሃያ ስምንት ቀን ያዘች። እስከ እሑድ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ያለ ቅጣት ይሰረዝ ነበር። አባታችን «ሽማግሌዎቹም ይመርቁላት» ብሎ እናንተን የጠራችሁ በዚያው እሑድ ከሰዓት ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. ሊመርቁ መጥተው ቤት ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። ደብተሯን ብታሳይዎ መነጽርዎን እንኳን ሳያወጡ «የአገር ልጅ እዚያ ተቀምጣ ሄርሜላ ኪራይ ብትገባ እኛ ምን ተባልን?» አሉ። የአገር ልጅ የተባለችው ከመካኒሳ ከሄደች አራት ዓመት የሆናት፣ እርስዎ አባቷን እንጂ እሷን በውል የማያውቋት ምስጢር የምትባል ልጅ ናት። ለማስረጃም በመዋኛ ገንዳ አጠገብ የተነሣችው ፎቶ ቀረበ። አብረውዎት ከመጡት ሁለት ሽማግሌዎች አቶ ኮርሳ ፎቶውን በሁለት ጣታቸው እያሰፉ «ኧረ ይኼ ገንዳ ብቻ የኛን ግቢ ያክላል!» አሉ፣ አቶ ሉቃስ ደግሞ «ታዲያ በዚህ ሁሉ ቤት ብቻዋን ምን ትሠራለች?» ብለው አዘኑላት። የሦስት ሳምንት ጥናት በአንድ ፎቶ ተሸነፈ።

2ኛ. ለሚስት ጥያቄ የሚላክ ሽማግሌ ለአልጋ ጥያቄ በቪዲዮ ስለላኩ፣ ያውም ራስዎን ስለላኩ፣ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው። ምስጢር ስልኩን እንዳነሳች «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» ብላችሁ ሦስታችሁም ብድግ አላችሁ። ስልኩን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ ዱካ ላይ ተቀምጬ ስለነበር ምስጢር ያየችው ፊታችሁን ሳይሆን ሦስት ቀበቶ ነው፤ አንደኛው እንዲያውም በሚስማር ትርፍ ቀዳዳ የተበሳለት (የማን እንደሆነ አልናገርም፣ አቶ ኮርሳ እንዳይቀየሙኝ)። ልጅቷ መጀመሪያ «ቤቱ ትንሽ ጠበብ ይላል» አለች። ቀበቶዎቹ አልተነቃነቁም። «ሥራዋ እኔ ካለሁበት ይርቃት ይሆን?» አለች። ቀበቶዎቹ ጸኑ። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ድምጿ ተሰበረና «ኧረ በእመቤቴ ተቀመጡ! ቤቴ ቤቷ ነው!» አለች። ተቀመጣችሁ፣ መረቃችሁ፣ ላባችሁን ጠረጋችሁ። እህቴም ለአሥራ ሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ክፍሏን ሰረዘች።

3ኛ. የክፍሉ ገንዘብ ከንቱ እንዳይቀር «ባዶ እጅ አይኬድም» ብለው በርበሬና ሽሮ ስላደረጉት አመሰግናለሁ። በርበሬው በሰላም ደርሶ፣ ማስቀመጫ ስለጠፋ፣ አሁን የእህቴ ትራስ ሆኗል።

4ኛ. ስለ ቤቱ ስፋት። ገንዳው ምስጢር ቀን ቀን የምትጦራቸው አሮጊት ሴትዮ ንብረት ነው። የምስጢር የራሷ ቤት፣ ስድስት ሴቶች በአንድ ክፍል ተደራርበው ከሚያድሩበት ውስጥ አንድ አልጋ ነው፤ እዚያ ቤድ ስፔስ ይሉታል። በመጋረጃ ይከለላል። እህቴ በደረሰች ዕለት ምስጢር መጋረጃውን ገልጣ «ግቢ፣ ቤትሽ ነው» አለቻትና ራሷ ወለሉ ላይ ካርቶን አነጠፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ አልጋው ላይ ተኚ»፣ «አይ፣ ሙች አንቺ ተኚ» ሲባባሉ ይቆዩና እንቅልፉ ሁለቱንም ትቷቸው ይሄዳል። እህቴ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥታ፣ አንድ ባቡርና ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ፣ በስምንት ደቂቃ በእግሯ ልትደርስበት ትችል ወደነበረው ክሊኒክ አርፍዳ ትደርሳለች። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናት። ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቷታል፤ ሦስተኛው የሚሰጣት ከመመለሻ ትኬት ጋር ነው።

5ኛ. ይህ ተራ ቁጥር የእርስዎ አይደለም፣ የእኔ ነው። ያን ቀን ስልኩ በእጄ ነበር። ምስጢር «ጠበብ ይላል» ስትል ዓይኗ ወዴት እንደሸሸ ከእናንተ ይልቅ እኔ አይቻለሁ፤ እናንተማ ቆማችሁ ጣሪያ ነበር የምታዩት። አንዲት ቁልፍ ተጭኜ «ኔትወርክ ጠፋ» ብል ሰፈሩ በሙሉ ያምነኝ ነበር። እኔ ግን ሳቄን ስቆጣጠር ደቂቃው አለፈ።

6ኛ. «ታዲያ ለምን አትወጣም?» ይሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱ እርስዎ ነዎት። እህቴ በመጀመሪያ ደመወዟ፣ ከክሊኒኩ አሥር ደቂቃ የሚርቅ የሦስት ሳምንት ክፍል አግኝታ ይዛለች። ልውጣ ባለች ቁጥር ግን ምስጢር ታለቅሳለች፤ «ሽማግሌ ቆሞ የለመነኝን እንግዳ አባረረች እባላለሁ» ትላለች። እህቴም «ሽማግሌ ያስያዘልኝን ቤት ረገጥሁ እባላለሁ» ትላለች። ሁለቱም አፍረው ዝም ብለዋል፤ እንድጽፍ የፈቀዱልኝም እኔን ገና ይሉኝታ አልያዘኝም ብለው ነው። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ደውለው፣ አሁን እንኳን ተቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ ብትለያዩ አናፍርም» ይበሏቸው። የያዘችው ክፍል የሚጠብቃት እስከዚህ እሑድ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

ጉዳዩ በእሑዱ ስብሰባ እንዲቀርብ ጸሐፊውን ጠይቄ ነበር። አጀንዳው ሞልቷል ተባልሁ፤ አንደኛው የጠፉት አራት የድስት ክዳኖች ጉዳይ፣ ሁለተኛው ደግሞ ዱባይ የብየዳ ሥራ ያገኘው የአቶ ሉቃስ ልጅ ቃለሕይወት እዚያው ምስጢር ዘንድ እንዲያርፍ ሽማግሌ ስለመላክ ነው። ክፍሉ የሴቶች መሆኑን ባሳውቅም ጸሐፊው «ቤቱ ሰፊ አይደል እንዴ?» ብለው መዝገባቸውን ዘጉ። ከዚህ በኋላ የምጨምረው የለኝም። ይህ ወረቀት እስከ እሑድ በሩ ላይ መቆየቱንም እጠራጠራለሁ።

ያላሰብነውን ስላሰቡልን፣ ያልጠየቅነውን ስለሰጡን፣ የያዝነውን ስላስለቀቁን፣ ከወንበር አቀባይነቴ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ምላሰ ረጅሟ ታናሽዎ
ናዝሬት ራጉኤል

ማስታወሻ፦ ምስጢር ለገና የሦስት ሳምንት ዕረፍት ወስዳ ትመጣለች። የመካኒሳው ቤታቸው ስለፈረሰ፣ ባዶ ከሆኑት ሦስት የጓሮ ክፍሎችዎ በአንዱ እንድታርፍ ባለፈው ሳምንት በእኔ በኩል ጠይቃዎት ነበር፤ እርስዎም «የውጭ ኑሮ የለመደች ልጅ ናት፣ ሆቴል ነው የሚመቻት» ብለው መልሰውልኛል። መልስዎን ለምስጢር አላደረስሁም። እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር፣ ሦስታችንም ቀበቶ አድርገን፣ በርዎ ላይ እንቆማለን። እሺ እንደማይሉን እናውቃለን፤ ጉልበታችን ግን ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው።