የቅድሚያ ንስሐ

ሰኞ፣ ኅዳር 3፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ጎማ ስለጥፍ ዋልሁ። ደብተሬ፣ እጁ ግሪስ ነው ብለህ እንዳትጸየፈኝ። ይህ እጅ የማታ ት/ቤቱን ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ የጨረሰ እጅ ነው። ሁለተኛ የወጡት የሰባ ዓመት እናት ናቸው። ተጠግተውኝ ነበር፤ አልደረሱብኝም።

ቀልዱ ይቅር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ዓባይ ማዶ፣ ከጎሚስታችን ፊት ለፊት። ወ/ሮ ዘይነባ ዓሣቸውን ተሸክመው ጥጋቸውን ይዘው ይመጣሉ። የእህቴ ባል ጌጡ ባጃጁን እየነዳ ስልኩን ያያል። ገጫቸው። እግራቸው ተሰበረ። ያየን ሁለት ነን፤ እኔና የሥራ ጓደኛዬ ሙሉቀን። ጌጡ ግን ዘለው ገቡብኝ ይላል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። እሑድ ይቀመጣሉ። ምስክር በየእምነቱ ይምላል፤ የማለው ቃል ይጸናል። ጥፋቱ የጌጡ ከሆነ ማሳከሙ የእሱ ነው፤ ባጃጁን መሸጡ ነው። የሴትዮዋ ከሆነ ደግሞ እግራቸውም መከራቸውም የራሳቸው።

ሙሉቀን ሃይማኖት የለኝም ባይ ነው። አልምልም አለ። ሽማግሌዎቹም የሚፈራው አምላክ የሌለውን በምን እናምነዋለን ብለው ተዉት። ቀረሁ እኔ።

እህቴ መጣች። ጎማ ላይ ተቀመጠች። ዋሽ አላለችኝም። ልጆቼን አስብ አለች። ባጃጁ ከተሸጠ ምን እንደሚበሉ እኔም አላውቅ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6፣ ምሳ ሰዓት

ከሙሉቀን ጋር ተጨቃጨቅን። ወንጌሉ ላንተ ወረቀት አይደል፣ እጅህን ጣል አድርገህበት ያየኸውን ተናገርና ገላግለኝ፤ እኔ እሑድ ሆዴን ያመኛል፣ አልሁት።

የማያምንበትን ይዞ ከማለ እውነቱ በውሸት መጀመሩ ነው አለ። ጾም የለው፣ ሰንበት የለው፣ ሲንቀባረር ግን ከጳጳስ ይብሳል። ይህንኑ ነገርሁት። ሳቀ። ቀጥሎ ያለው ግን አላሳቀኝም።

«አንተ ብትዋሽ የሚያጥብህ አለህ። እኔ ማንም የለኝም። የዋሸሁት እኔው ጋ ይቀራል።»

ወደ መንፋቱ ተመለስሁ። የምነፋው ጎማ እጄ ላይ ፈነዳ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7፣ ከሰዓት

ማንም ያላሰበውን አሰብሁ። ንስሐውን ከመሐላው በፊት መጨረስ። እሑድ ንጹሕ ሆኜ እዋሻለሁ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ጎማ ሲለጥፍ መኖሩ ያሳዝናል።

ሐይቁ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። የንስሐ አባቴ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«አባ፣ የእሑድ ኃጢአት አለብኝ።»

«ያለፈው እሑድ?»

«የሚመጣው።»

«ለኃጢአት ቀብድ አልቀበልም፣ ልጄ» አሉ።

ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ስል የሴትዮዋ እግር እንዴት ሆነ አሉኝ። አላውቅም። ሳምንት ሙሉ ስለ ነፍሴ ሳስብ እግራቸውን አልጠየቅሁም። ሂድና እያት ብለው አሰናበቱኝ። መስቀሉን አሳለሙኝ፤ ስለ እሑዱ ምንም አላሉኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ሄድሁ። ቤታቸው ሐይቁ ዳር። እግራቸው በጀሶ ታስሯል። ባላቸው ደጅ መረብ ይጠግናሉ፤ ሰላምታዬን መለሱ፣ ሌላ አልጠየቁኝም። ቀልድ ሞከርሁ፣ እግርዎን እኔ ብለጥፈው ይሻል ነበር አልሁ። ሴትዮዋ ሳቁልኝ። ባይስቁልኝ ይሻል ነበር።

«አንተ አይተሃል አሉ፣ ልጄ። እኔ ከዓሣዬ ጋር ስንከባለል ምኑንም አላውቀው። ዘልዬ ገብቼበት ከሆነ፣ እሑድ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የልጆች አባት ነው፣ አስደንግጨውም ይሆናል።»

ውኃ አቀረቡልኝ። ሳልጠጣው ተነሣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 9፣ ማለዳ

ቅዳሴ ቆሜ መጣሁ። ምልክት ስጠኝ ብዬ ለመንሁ፤ አልመጣልኝም። አባ አልነገሩኝም፣ ሙሉቀን አልነገረኝም፣ ላይ ያለውም ዝም። ሁሉም ለእኔ ተዉት። ስልኩን ሲያይ ያየሁት በገዛ ዓይኔ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ወንጌሉ ሳይመጣ በፊት ብድግ ብዬ ያየሁትን እናገራለሁ። ሴትዮዋ ይቅርታ ለመጠየቅ አፋቸውን ሳይከፍቱ። ከዚያ በኋላ ማል ካሉኝ እምላለሁ፤ አምናለሁና። ቃሉ ግን አስቀድሞ የእኔ ይሁን። ለእህቴ ልጆች ደግሞ እስከምችለው ድረስ እኔ አለሁ፤ ይህንንም በሰው ፊት እላለሁ።

በሩ ተንኳኳ። እህቴ ናት፣ አብረን እንሂድ ልትል። እዚያ ከሰው ጋር እንዳትሰማው። አሁኑኑ፣ ደጁ ላይ እንደቆመች፣ መጀመሪያ ለእሷ እነግራታለሁ።