የብሪታ ኑድል

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 9

በረዶ። ትናንትም በረዶ፣ ነገም በረዶ። መኪናዋ በስንት ልመና ተነሳች።

ፊሊስ ከጎረቤት የድንችና የሥጋ ትሪ ይዛ መጣች። ባለቤቴ ሃርላን ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ መንደሩ ሁሉ ምግብ ያመላልሳል። "ግቢ እንጂ" አልኳት። "አይ፣ ልሂድ።" "ኬክ አለ።" "አይ፣ አላስቸግርሽ።" "ኧረ ትንሽ አረፍ በይ!" ሦስተኛው ላይ ካፖርቷን አወለቀች። ወጉ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ሦስቴ ሳይለመን የሚቀመጥ ሰው ወይ ከሌላ አገር የመጣ ነው ወይ ባለጌ። ከዚያማ ሁለት ቁራጭ ኬክ በላች፣ የመንደሩንም ሐሜት ሁሉ አራገፈችልኝ።

ሃርላን ግን አልበላም። ሁለት ማንኪያ ቀመሰና "ክፉ አይደለም" ብሎ ሳህኑን ገፋው። ክፉ አይደለም... ቤቱ ቢቃጠልም ክፉ አይደለም ነው የሚለው። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሏል። ያ ወይፈን በቀንዱ ይዞ የሚያቆም ሰውዬ የት ሄደ? ሐኪሙ ከእንግዲህ መድኃኒት የለም፣ የሚወደውን አብሊው ብቻ አለኝ። የሚወደው ምንድን ነው? አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ እንጃ ማለት አያሳፍርም?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 11

ጠዋት በመስኮቱ ባዶውን የላም ቤት እያየ፣ "ያ የለውዝ ነገር..." አለ።

"የቱ የለውዝ ነገር?"

"ያቺ የሠራችው። ኑድሉ። ዶሮ ያለበት።"

ያቺ! የገዛ ልጁን ስም አይጠራም። ይኸው ሦስት ዓመቱ። ያኔ ብሪታ ከአሪዞና ልትጠይቀን መጥታ፣ በእኔ የኤሌክትሪክ ድስት፣ በዚያ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ በሚያበስለው፣ የታይላንድ ዓይነት ነው ብላ ሠራችለት። የታይላንድ ሰው ቢያየው ምን እንደሚል እግዜር ይወቅ። "የለውዝ ቅቤ የሚቀባው ዳቦ ላይ ነው" ብሎ ሲያሾፍባት አመሸ። ሳህኑን ግን ጥርግ አድርጎ በላ።

በማግስቱ ላሞቹን ሊሸጥ መሆኑን ነገራት። "አትሽጥ፣ አባ። ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ፣ እኔ ልያዛቸው" አለችው። "ይቅርብሽ" አላት። በቃ። ሻንጣዋን አንስታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ለእኔ ትደውላለች። ስልኩ ሲጮህ እሱ ተነስቶ ይወጣል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ... ይሄ ተረት የተተረተው ለሃርላን ነው።

እና ዛሬ ኑድሏ አማረው?

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 12

ከተማ ወርጄ የኮኮናት ወተት በቆርቆሮ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ እንደ ፓስታ ያለውን የሩዝ ኑድል ገዛሁ። ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ "ግብዣ አለ እንዴ?" አለችኝ። "ኧረ፣ ለባለቤቴ ነው" ስላት ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ምነው እቴ፣ ሰው ፊት!

ሁሉንም ከጠዋት አንድ ላይ ድስቱ ውስጥ ከተትኩት። እኛ እንደዚያ ነው የምናበስለው፤ ሁሉን ከትቶ፣ ክዳን ገጥሞ፣ ወደ ጉዳይ መሄድ። እራት ሰዓት ላይ ስከፍተው... ወይ ጉድ! ኑድሉ ሟሙቶ ገንፎ ሆኗል። ማንኪያው ያለ ሰው ቆመ።

ሃርላን ቀመሰ። "ክፉ አይደለም።" ቆየት ብሎ፣ "እንደሷ ግን አይደለም።"

ድስቱን እየፈተግኩ አለቀስኩ። ለኑድል የምታለቅስ አሮጊት ታይታ ትታወቃለች?

እሑድ፣ ጃንዋሪ 14

ብሪታ ደወለች። ሃርላን ሊወጣ ብድግ አለ፣ ጉልበቱ ከዳውና መልሶ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ጆሮውን ወደ እኛ።

"ያንን ኑድል እንዴት ነበር የምትሠሪው?"

ሳቀች። "እማ፣ ኑድሉን ከጠዋት ከተትሽው አይደል?"

"እኔ? ኧረ ወዲያ!"

"ዋሽተሻል! ስሚ፣ ዶሮውን ከኮኮናቱ፣ ከለውዝ ቅቤውና ከዝንጅብሉ ጋር ብቻ ጣጂው። ኑድሉ መጨረሻ ላይ ነው፣ ሊበላ ሲል። ሎሚውን ሳህን ላይ። ደግሞ እንደ ልማድሽ ክዳኑን በየደቂቃው እየከፈትሽ አትይ፣ ሙቀቱ ይወጣል።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለአባ ነው?"

"ለእሱ ነው። ትንሽ ምግብ ዘግቶታል።"

"ትንሽ?"

"ትንሽ።" ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ?

"እማ... ልምጣ?"

"ኧረ ተይ፣ በዚህ በረዶ! ሥራሽስ? እኛ ደህና ነን።"

ጠበቅኩ። አንዴ ብትደግመው...

"እሺ፣ እማ" አለች። ተዘጋ።

ለምን አልደገመችም? እዚያ አሪዞና በረሃ ብዙ ኖረች። እዚያ አይሆንም ማለት አይሆንም ነው። እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ አድጋ፣ እንዴት ይጠፋታል? ወይስ ጅሏ እኔ ነኝ?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 15

እንዳለችኝ ሠራሁ። ቤቱ ዝንጅብል ዝንጅብል ሸተተ። ክዳኑን እንዳልነካ ልብስ ሳጥፍ ዋልኩ፣ የታጠፈውን ፈትቼ ደግሜ አጠፍኩ። ሃርላን አንድ ሳህን ሙሉ በላ! ሎሚውን ጨምቆ፣ ጣቱን ልሶ። ብድግ ብዬ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ቀና ሳይል፣ "ጠየቀች?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ስለ እኔ።"

"ልምጣ ወይ ብላለች።"

"ምን አልሻት?"

"ተይ አልኳት።"

"ስንቴ ጠየቀችሽ?"

"አንዴ።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "እኔንም አንዴ ነው የጠየቀችኝ" አለ። "ስለ ላሞቹ። ትደግመዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ገዢው መኪናውን በር ላይ እስኪያቆም ድረስ ጠብቄያለሁ፣ ማርሊስ።"

ሊሰጣት ኖሯል! ሦስት ዓመት ሙሉ አልፈቀደላትም ስል... እሱ ሳይለመን፣ እሷ ሳትለምን፣ ላሞቹ ሄዱ፣ ልጄም ሄደች። እኔስ መሃላቸው ቁጭ ብዬ ምን ሳደርግ ነበር?

"ልጥራት?" አልኩት።

"አይ፣ ሥራ አላት።"

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 16

ዛሬ ውሃ እንኳ በግድ ነው።

"ልጥራት?"

"ተያት፣ አታስቸግሪያት።"

እየተግደረደረ ነው። አሳምሬ አውቀዋለሁ። ወዲያው ልደግምለት አፌን ስከፍት ዓይኑን ጨፈነ። አልጨቅጭቀው፣ ነገ ይሁን አልኩ። ይሉኝታ! አርባ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝቼ ለባሌ ይሉኝታ!

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 17

"ሃርላን፣ ልጄን ልጥራት?"

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። "መንገዱ ካልከፋባት..."

አዎ ማለቱ ነው። ይሄ ሰውዬ ከዚህ የበለጠ አዎ ብሎ አያውቅም። ስንጋባ እንኳ ለቄሱ የመለሰው "ይሁን እንግዲህ" ብሎ ነው።

ደወልኩ። "ነይ" አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣ አለኝ። እዚያ ማዶ ስታለቅስ ይሰማኛል። "አባ አለ አይደል?" አለችኝ። "አለ። ነይ ብቻ።" ነገ በመጀመሪያው አውሮፕላን ትነሳለች።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 18

ድስቱን ማልጄ ጣድኩ። ሃርላን ከአልጋው ሆኖ፣ "ኑድሉን አንቺ እንዳትነኪው። ብሪታ ትጨምረው" አለ። ብሪታ። ስሟን ጠራው! ወጥቼ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ።

ከቀትር በኋላ የበረዶ ማዕበል። ከፊታችን ያለው አጥር እንኳ አይታይም። የእኛ አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ፣ ብሪታ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ዴንቨር ከተማ ቀረች። ስነግረው "ክፉ አይደለም፣ ትደርሳለች" አለ። "ድስቱን አታጥፊው። እንዲያሞቀው ብቻ ዝቅ አድርጊው።"

ፊሊስ በዚያ ማዕበል በእግሯ መጣች። "ግቢ" አልኳት። ገባች። በመጀመሪያው። ያኔ ነው የፈራሁት።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 19

ሃርላን ጠዋት ሞተ። ድስቱ እንደበራ ነው።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 20

ብሪታ ደረሰች። በስልክ ነግሬያት ነበር፣ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ሮጣ መኝታ ቤት ገባች። የተነጠፈውን አልጋ አየችው። ተቃቀፍን። የእኛ ቤት ሰው ትከሻ መታ መታ አድርጎ ነው የሚለያየው። እንዲህ ተቃቅፈን አናውቅም።

"ምን አለ?" አለችኝ።

"ኑድሉን ብሪታ ትጨምረው አለ።"

"ብሪታ ብሎ?"

"ብሪታ ብሎ።"

የላሞቹንም ነገርኳት። ደብቄ የት ላደርሰው? ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች። "ይቅርብሽ ሲለኝ አልፈለገኝም ብዬ እኮ ነው፣ እማ። አልፈለገኝም ብዬ..." እንደ ሕፃንነቷ አፏን ከፍታ አለቀሰች። አይዞሽ እንኳ አላልኳትም፣ ምኑን አይዞሽ ልበላት?

በኋላ ተነስታ የድስቱን ክዳን ከፈተች። ዶሮው ጠቁሮ ከሥሩ ተጣብቋል። እሷ በስልክ እንዳለችኝ፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ ክዳኑን መልሺው ልላት ቃጣኝ። የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቀለችው።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 23

ጸሎቱ ተደረገ። መሬቱ እንደ ድንጋይ ስለጠጠረ ቀብሩ በረዶው ሲቀልጥ ነው። እስከዚያ አስከሬኑ በማቆያ ቤት ነው፣ ሃርላን የትም አይሄድም። እሱ መቼ ቸኩሎ ያውቃል?

በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሴቶቹ ድስቶቻቸውን ደረደሩ፣ እያንዳንዱ ሥሩ ላይ የባለቤቱ ስም ተለጥፎበታል። ብሪታ የእኛን ይዛ መጣች። አዲስ ሠርታ። ኑድሉን እዚያው፣ ሰው ፊት ጨመረችው። የሃርላን ጓደኞች፣ እነዚያ ሽማግሌዎች፣ በጥርጣሬ አዩት። አንዱ ቀምሶ "የለውዝ ቅቤ ነው እንዴ?" አለ። "ነው" አለችው። "ክፉ አይደለም" ብሎ ሳህኑን ደግሞ ዘረጋ። ብሪታ ሳቀች፣ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ሽማግሌው ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 4

ብሪታ ነገ ትሄዳለች። ሻንጣዋ በሩ ጋ ቆሟል። ቀኑን ሙሉ ላየው አልፈለግኩም፣ ደግሞ ዓይኔ ከእሱ አልነቀል አለ።

ድስቱን አብረን ጣድን። እሷ ሎሚ ትቆርጣለች፣ እኔ ሳህን አወጣለሁ። ሳላስበው ሦስት ሳህን አወጣሁ። አንዱን ቀስ ብዬ መለስኩት። አይታኛለች።

ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "እማ፣ መሬቱ እስኪለሰልስ ልቆይ?" አለችኝ።

ኧረ ተይ፣ ሥራሽስ... ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ደርሶ ነበር።

"ቆዪ" አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ቢላዋው በእጇ ነው። አንዴ ብቻ ነው የጠየቀችው፣ እሷም አውቃዋለች።

"ቆዪ አልኩሽ። በይ አሁን ኑድሉን ጨምሪ።"